ምስክሬ አጠገቤ ተኝታ ነበር

ይህ ጽሑፍ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ስለሚያቋርጥ በሽታ ኮምቦልቻ ውስጥ ለከባድ መኪና አሽከርካሪዎች፣ ለረዳቶቻቸውና ለቤተሰቦቻቸው ካደረግኩት ንግግር የተወሰደ ነው። ሳቁንና ጭብጨባውን አውጥቼዋለሁ። ያቋረጡኝን ሰዎች ግን አላወጣሁም።

እንደምን ዋላችሁ? ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። ከደሴ ስወርድ ጭጋጉ ሐረጎ ላይ ለቀቀኝ። እዚህ ስደርስ ኮቴን አወለቅኩ። 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው፤ ግን ኮት ያስወልቃል። ስለዚህ ልዩነት በኋላ የምለው አለኝ።

ሐኪም አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ክኒን እንዳትጠይቁኝ ነው። ደሴ ላይ 28 ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። እዚህ የቆምኩት በሽተኛ ስለሆንኩ ነው። በሽታው ለዓመታት አብሮኝ ሲተኛ አብሮኝ ሲነሳ ኖሯል። እኔ ግን መኖሩን አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንሞክር። ስትተኙ የምታንኮራፉ እጃችሁን አውጡ። … ሦስት ሰው። ሦስት ብቻ! ሦስታችሁም እግዜር ይስጣችሁ። አሁን ደግሞ ባሏ፣ አባቷ ወይም ወንድሟ የሚያንኮራፋባት እጇን ታውጣ። ረዳቶችም ስለ ሹፌራችሁ መመስከር ትችላላችሁ። … በሉ አውርዱ፣ አዳራሹን ሞላችሁት።

ሦስት እና ይሄ ሁሉ። ሒሳቡ አይገጥምም። የዋሸ ሰው ኖሮ አይደለም። የሚያንኮራፋ ሰው ራሱን አይሰማም። የዚህ በሽታ ትልቁ ጣጣ እዚህ ላይ ነው፤ በሽተኛው ወሬውን የሚሰማው ከሁሉም መጨረሻ ነው። ራስ ምታት ቢሆን እናንተው ታውቁታላችሁ። ጥርስ ቢሆን እናንተው ትጮኻላችሁ። ይሄኛው ግን ምስክር ይፈልጋል። ምስክሩ ደግሞ አጠገባችሁ የተኛው ሰው ነው።

የእኔ ምስክር ባለቤቴ ናት። ያቻትና ከፊት ተቀምጣለች። «ትንፋሽህ ይቆማል» ስትለኝ ዓመታት አልፈዋል። እኔ ደግሞ «ቢቆም ኖሮ ጠዋት እንዴት እነሳ ነበር?» እላታለሁ። መምህር ነኛ! በክርክር አሸንፋታለሁ። ማታ እኔ አንኮራፋለሁ፣ ጠዋት እሷ ታኮርፋለች። ኑሯችን እንዲህ ነበር።

አንድ ሌሊት በስልኳ ቀዳችኝ። ጠዋት ቡና ቀርቦ ሳለ አሰማችኝ። መጀመሪያ የማንኮራፋት ድምፅ ነው፣ የወፍጮ ቤት ዓይነት። ሳቅኩ። ከዚያ ድምፁ ድንገት ተቋረጠ። ምንም የለም። የግድግዳው ሰዓት ብቻ ይሰማል። ቆየ። ሳቄን አቆምኩ። ከሰዓቱ ጋር መቁጠር ጀመርኩ። 23 ላይ ስደርስ ውሃ ውስጥ ተደፍቆ የወጣ ሰው የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ መጣ። ከዚያ ወፍጮው ቀጠለ። ስልኩን አስቀመጥኩት። ያ ሰው እኔ መሆኔን ማመን አቃተኝ። ባለቤቴ ምንም አላለችም። ቶናውን ቀዳች።

ልብ በሉ፤ የሚያስፈራው ጩኸቱ አይደለም፣ ዝምታው ነው። የሚያንኮራፋ ሁሉ ይህ በሽታ የለበትም። ጩኸት፣ ዝምታ፣ ከዚያ የመታነቅ ድምፅ። በዚህ ቅደም ተከተል ከሰማችሁ ግን ሰውየው ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።

ሐኪሞች ስሊፕ አፕኒያ ይሉታል። በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ መቋረጥ ማለት ነው። ከአንድ በላይ ዓይነት አለው። እኔ የማወራው በብዛት ስለሚታየው፣ ጉሮሮ ሲዘጋ ስለሚመጣው ነው።

ሹፌሮች ይሄ ቶሎ ይገባችኋል። ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ አስቡት። ጎማው አርጅቶ ከለሰለሰ ሞተሩ አየር በሳበ ቁጥር ወደ ውስጥ ይጣበቃል። ሞተሩ ይታፈናል፣ ጉልበት ያጣል። የሰው ጉሮሮም እንደዚያ ነው። ከምላስ ጀርባ ያለውን መተላለፊያ ክፍት አድርጎ የሚይዘው አጥንት ሳይሆን ጡንቻ ነው። ነቅተን ሳለን ጡንቻው ወጥሮ ይይዘዋል። ስንተኛ ግን ይላላል። ምላስ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ለስላሳው ላንቃ ይወርዳል። መተላለፊያው ሰፊ የሆነለት ሰው ምንም አይሆንም። የጠበበበት ያንኮራፋል። በጣም የጠበበበት ይዘጋበታል።

ሲዘጋ ደረት ይታገላል፣ አየር ግን አይገባም። ደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል። አእምሮ እንደ ጥሩ ረዳት ነው። ሹፌሩ ሲተኛበት ጎሸም ያደርገዋል። ጡንቻው ይጠብቃል፣ ጉሮሮው ይከፈታል፣ አየር ይገባል፣ ሰውየው ተመልሶ ይተኛል። ሁሉም በጥቂት ሰከንድ ያልቃል። ጠዋት ትዝ የሚለው ነገር የለም።

ትንፋሽ ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲቆም ወይም በጣም ሲያንስ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። በሰዓት ከ5 በታች ከሆነ ችግር የለም። ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። እኔ 41 ወጣሁ። በ7 ሰዓት አባዙት፣ 287 ይመጣል። አንድ ሰው በአንድ ሌሊት 287 ጊዜ ትከሻችሁን ቢጎሽማችሁ ጠዋት ምን ትሉታላችሁ? እኔ «ደህና አድሬያለሁ» ነበር የምለው።

ብቻዬን ደግሞ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት በዓለም ላይ ከ30 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች ውስጥ ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጉት ይህ ችግር እንዳለባቸው ገምቷል። ቀላሉንም ከባዱንም ጨምሮ ማለት ነው።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ። በሽታው የሌሊት ነው፤ ዕዳው ግን የሚከፈለው በቀን ነው።

ጠዋት ስነሳ አፌ ደርቆ ቁርበት ይሆናል። ራሴን ይከብደኛል። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት እነሳለሁ። ስኳር ነው ተባለ፤ ተመረመርኩ፣ የለም። ፕሮስቴት ነው ተባለ፤ እሱም የለም። ኋላ ላይ ሲገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው። ጉሮሮ ተዘግቶ ደረት ሲታገል ልብ ይለጠጣል። ልብ ሲለጠጥ ሰውነት ውስጥ ውሃ የበዛ ይመስለዋል። ስለዚህ ሽንት እንዲወጣ ለኩላሊት መልእክት ይልካል። ለካ ሌሊት ሽንት ቤት የሚያመላልሰኝ ጉሮሮዬ ነው! ማን ይጠረጥራል?

ትምህርት ቤትም አልቀረልኝም። አንድ ጊዜ ፈተና ስፈትን ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ቁጭ ካልኩ ደግሞ አለቀልኝ። ከጎን ክፍል ያለ መምህር ማንኮራፋቴን ሰምቶ ባይመጣ ኖሮ ክፍሉ በሙሉ መቶ ከመቶ ያመጣ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስም ወጣልኝ። «ቲቸር ወፍጮ»። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አንጎላጅቻለሁ፤ ሰው ሲያለቅስ እኔ አንኮራፋለሁ። ዕድር ስብሰባ ላይ አንጎላጅቼ ስነቃ ጸሐፊ ሆኜ ተመርጫለሁ። ሦስት ዓመት አገለገልኩ።

አዎ፣ ሳቁ። እኔም ዛሬ እስቃለሁ። ያኔ ግን ሌላ ነበር። ለ20 ዓመት ያስተማርኩት ቀመር ሰሌዳ ላይ ጀምሬው መሀል ላይ ይጠፋብኛል። የተማሪ ስም ይጠፋብኛል። ቤት ገብቼ ልጆቼን በትንሽ በትልቁ እጮኽባቸዋለሁ። ትንሹ ልጄ የበሩን ድምፅ ሲሰማ ደብተሩን ይዞ ወደ ጓዳ ይገባ ነበር። ይሄ ነው እስካሁን የሚከነክነኝ። ሰው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ሳይተኛ አድሮ እንደሚነጫነጭ እኔም አላውቅም፣ እሱም አያውቅም።

በእኛ አገር እንቅልፋም ማለት ስድብ ነው። ሰነፍ ከማለት እኩል ነው። ሰው ሲታመም ፍራፍሬ ይዘን እንጠይቀዋለን፤ ሲያንጎላጅ ግን እንስቅበታለን። ስለዚህ የሚያንጎላጅ ሰው ይደብቃል። እኔ ቆሜ ማስተማር የጀመርኩት ትጋት በዝቶብኝ አይደለም።

ሕክምና አልሄድኩም አይደለም። ሄጃለሁ፣ አንድ ቦታም አይደለም። «ድካም አለኝ» እላለሁ። ስለ እንቅልፌ የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም አልተናገርኩም። ታይፎይድ ተባልኩ። ከዚያ ታይፈስ። ከዚያ ጨጓራ። ድካም ብሎ የሄደ ሰው ታይፎይድ ሳይባል ከተመለሰ ዕድለኛ ነው መቼም። የደም ግፊቴም አልወርድ አለ። አንድ ክኒን ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ ሦስት ሆኑ። ግፊቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም ካርዴን ገልበጥ ገልበጥ አደረገችና «አባባ፣ ሌሊት ያንኮራፋሉ?» አለችኝ። «አልፎ አልፎ» አልኳት። ባለቤቴ አብራኝ ነበረች። ምንም ሳትናገር ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች።

ያቺ ሐኪም የጠረጠረችው በምክንያት ነው። ትንፋሽ በተቋረጠ ቁጥር ሰውነት ይደነግጣል፣ ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ግፊት ሽቅብ ይላል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ሲሆን ያደረ ሰው ቀን ላይም ግፊቱ አይወርድለትም። ለልብ ምት መዛባትና ለስትሮክም ያጋልጣል። ከስኳር በሽታ ጋርም አብረው ይታያሉ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሦስት የግፊት ክኒን እየዋጠ ያልወረደለት ሰው ካለ ስለ እንቅልፉ ለሐኪሙ ይናገር። ሐኪሙ እስኪጠይቀው አይጠብቅ።

አንዳንዶቻችሁ «ይሄ እኮ ዱካክ ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ። እናቴም ያሉት ይህንኑ ነው። ባለቤቴ ጸበል ወሰደችኝ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዱዓ አደረጉልኝ። ሁለቱንም ተቀብያለሁ። ወሎዬ ነኝ፣ ምርቃት አልገፋም። ግን ዱካክና ይሄ ይለያያሉ። ዱካክ የያዘው ሰው ራሱ ያውቀዋል። ነቅቶ ሳለ መንቀሳቀስ ያቅተዋል፣ ደረቱ ላይ የሆነ ነገር የተቀመጠበት ይመስለዋል፣ ጠዋት ላገኘው ሁሉ ያወራል። የእኔው በሽታ ግን ወሬ የለውም። በሽተኛው ለጥ ብሎ ተኝቷል፤ ሌሊቱን በፍርሃት የምታድረው አጠገቡ ያለችው ናት።

እሷንም አትርሷት። ባለቤቴ «ትንፋሽህ ሲቆም የእኔም አብሮ ይቆማል» ትለኝ ነበር። ክርኗን ጎኔ ላይ አድርጋ ነው የምትተኛው፤ ዝም ካልኩ ልትጎሽመኝ። በኋላ መኝታ ለየን። ልጆቹ የተጣላን መሰላቸው። ጎረቤትም እንደዚያው። ጥል አልነበረም፤ ሴትየዋ መተኛት ፈልጋ ነው። በዚህ በሽታ ምክንያት ከቤት ውስጥ የሚደክሙት ሁለት ሰዎች ናቸው። ካርድ የሚወጣው ግን ለአንዱ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ ልምጣ። የጠራችሁኝም ለዚህ ነው።

እንቅልፍ የተጫነው ሹፌር ምን ያደርጋል? መስኮት ይከፍታል። ዘፈን ከፍ ያደርጋል። ፊቱን ይታጠባል። ቡና ይጠጣል። ጫት ይቅማል። ጫቱ የእንቅልፍ ዕዳውን አይከፍልለትም፤ ቀጠሮ ነው የሚያራዝምለት። ማታ ደግሞ ምርቃናው አላስተኛ ይለዋል። ያኔ ጨብሲ ይመጣል። ሁለት ቢራ፣ አንዳንዴም አረቄ። አልኮል የጉሮሮን ጡንቻ ከወትሮው የበለጠ ያላላል። ትንፋሹ ይብስ ይዘጋል። ጠዋት ይብስ ደክሞ ይነሳል። ይብስ ይቅማል። አንዳንድ የእንቅልፍ ክኒንም እንደ አልኮሉ ነው፤ ሐኪም ሳታማክሩ አትንኩት። ጫትና ቢራ በአንዴ ተዉ ብላችሁ እንደማትሰሙኝ አውቃለሁ። ቢያንስ ጨብሲውንና መኝታውን አራርቁት።

ትንሽ ፊዚክስ ይፈቀድልኝ። ሐረጎን በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚወርድ መኪና በሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው ለ3 ለ4 ሰከንድ ጭልጥ ሊል ይችላል። አንዳንዴ ዓይኑ እንደተገለጠ። በ4 ሰከንድ 44 ሜትር። ሐረጎ ላይ ሳይታጠፍ 44 ሜትር የሚሄድ መንገድ የት እንዳለ እናንተ ንገሩኝ። ከባቲ ወደ ሚሌ ሲወረድ ደግሞ መንገዱ ይቀናል፣ ሙቀቱ ያባብላል። እዚያ በ80 ከሄዳችሁ በ4 ሰከንድ 89 ሜትር ነው። ከፊት አህያ ይኑር፣ ልጅ ይኑር፣ የቆመ ተሳቢ ይኑር አታውቁም። ይህ በሽታ ኖሮበት ያልታከመ ሹፌር አደጋ የሚደርስበት ዕድል ከሌላው ሰው በሁለት እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ የተለያዩ ጥናቶች አሳይተዋል። አደጋ ሲደርስ ፍሬኑ ይመረመራል። የሹፌሩን እንቅልፍ የጠየቀ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ያ የኮቱ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ደሴ 2,500 ትጠጋለች። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከጅቡቲ ወደብ ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የስዊዘርላንድ ጥናት አለ። ቆላ የሚኖሩ የዚህ በሽታ ታማሚዎችን ወደ ተራራ ወስደው አስተኟቸው፤ በ1,860 እና በ2,590 ሜትር ከፍታ ላይ። ቁጥሩን ሳይ ደነገጥኩ። ኮምቦልቻንና ደሴን ለክተው የሄዱ ነው የሚመስሉት! ወደ ላይ በወጡ ቁጥር የትንፋሽ መቋረጡ ባሰ፣ የደም ግፊታቸው ጨመረ። እኛ እዚሁ ተወልደን ያደግነው አየሩን ለምደነዋል። ዛሬ ጅቡቲ አድሮ ነገ ደሴ የሚያድር ሹፌር ግን ሰውነቱ እንደ እነዚያ ታማሚዎች ነው የሚፈተነው።

በሽታው ማን ላይ ይመጣል? ክብደት ያለው ሰው ላይ ይበዛል። ሐኪሞች አንገት ይለካሉ፤ ከ40 ሴንቲሜትር በላይ ከሆነ ይጠረጥራሉ። የሸሚዛችሁ የላይኛው ቁልፍ እንቢ ካለ ቆይቶ ከሆነ አስቡበት። ግን ቀጭንም ይይዛል። አገጩ ወደ ኋላ የገባ ሰው ይይዘዋል። ዕድሜም ይጨምረዋል። ሴቶችም አትቀሩም፤ በተለይ የወር አበባ ከቆመ በኋላ። ቅድም እጅ ካወጡት ሦስት ሰዎች አንዷም ሴት አልነበረችም። ሴት ስታንኮራፋ ነውር ተደርጎ ስለሚታይ ምስክሩም ዝም ይላል። ደከመኝ ስትል ደግሞ «የቤት ሥራ ነው» ትባላለች።

ስለ ልጆች አንድ ነገር ልበል። በየሌሊቱ የሚያንኮራፋ፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛ ልጅ ብዙ ጊዜ ቶንሲሉ ወይም ከአፍንጫው ጀርባ ያለው አድኖይድ የሚባለው ሥጋ አብጦበት ነው። ልጅ ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው አያንጎላጅም። ይቅበጠበጣል፣ ትምህርት አይገባውም፣ ፍራሽ ያረጥባል። እኛ እንገርፈዋለን። ይባስ ብሎ እንጥል ቆራጭ ዘንድ የሚወስድ አለ። እባካችሁ ይሄን ተዉ። በዚያ ምላጭ ደም ፈስሷቸው የሞቱ፣ ቁስሉ ያመረቀዘባቸው ሕፃናት አሉ። ጥፋቱ ያለው ደግሞ እንጥል ላይ አይደለም። ሐኪም ያየዋል፤ ቶንሲሉን ማውጣት ካስፈለገም በሥርዓቱ ይወጣል።

ራሳችሁን መፈተን ለምትፈልጉ አንድ መጠይቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 ሙሬይ ጆንስ የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም ያወጣው ነው። ስምንት ሁኔታዎችን ይዘረዝርና በእያንዳንዱ ላይ የማንጎላጀት ዕድላችሁን ከ0 እስከ 3 ስጡ ይላል። ተቀምጦ ማንበብ፣ ቴሌቪዥን ማየት፣ ስብሰባ ላይ መቀመጥ፣ ተሳፋሪ ሆኖ አንድ ሰዓት መጓዝ፣ ከሰዓት ጋደም ማለት፣ ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ ማውራት፣ ያለ መጠጥ ከምሳ በኋላ ቁጭ ማለት፣ መኪና ውስጥ መንገድ ተዘግቶ ለደቂቃዎች መቆም። ድምሩ ከ10 በላይ ከሆነ እንቅልፉ በዝቷል ማለት ነው። እኔ 17 አመጣሁ። ባለቤቴ ስትሞላልኝ 21 ሆነ። የማንን እንደምታምኑ ለእናንተ ትቻለሁ።

ምርመራው እየተኛችሁ የሚደረግ ነው። ትንፋሽ፣ ኦክስጅን፣ የልብ ምት ሌሊቱን ሙሉ ይመዘገባል። አገራችን ውስጥ በየቦታው አይገኝም፤ እኔ አዲስ አበባ ሄጄ ነው። ወጪ አለው፣ አልዋሻችሁም። ስለዚህ መጀመሪያ ቅርባችሁ ያለ ሐኪም ያያችሁ፣ ግፊታችሁንና ጉሮሯችሁን ይመልከት።

የተሰጠኝ መሣሪያ ሲፓፕ ይባላል። አፍንጫ ላይ ጭምብል አለው፤ በቱቦ አየር ይነፋል። የሚነፋው አየር ጉሮሮን ከውስጥ ደግፎ ይይዘዋል፣ እንደተነፋ የጎማ ከመነዳሪ። ክኒን የለውም፣ መርፌ የለውም። ኮሊን ሰሊቫን የሚባል ሐኪም ነው ሲድኒ ውስጥ የሠራው፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ለዓለም አስተዋወቀው። መጀመሪያ ላይ የተጠቀመው የቫኪዩም ክሊነር ሞተር ነበር። ፊዚክስ ለምን ይጠቅማል ለሚሉኝ ተማሪዎች ይሄን ነበር መንገር የነበረብኝ።

ቀላል ነበር አልልም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ጭምብሉን በእንቅልፍ ልቤ እያወለቅኩ ስጥል አደርኩ። የልጅ ልጄ አይታኝ «አባባ ዝሆን ሆነ!» ብላ ጮኸች። ባለቤቴ ወደ መኝታችን በተመለሰች ሌሊት ደግሞ እሷ መተኛት አቃታት። ድምፅ የለማ! የሞትኩ መስሏት ሁለት ጊዜ አምፖል አብርታ አየችኝ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሰው ሳይቀሰቅሰኝ ነቃሁ። ራሴን አይከብደኝም። ቁርስ ላይ ቁጭ ብዬ ዜና እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ለሌላው ሰው ተራ ነገር ነው። እኔ ግን ስንት ዓመት ዜና ጨርሼ ሰምቼ አላውቅም።

መብራት ሲጠፋ መሣሪያውም ይጠፋል። መቼም መብራት እንደሚጠፋ ለእናንተ አልነግራችሁም። ለእነዚያ ሌሊቶች ባለቤቴ መላ ዘይዳለች። በጀርባ ስንተኛ ምላስ ወደ ኋላ ስለሚወድቅ በሽታው ይብሳል። ልጆቹ የሚጫወቱባትን የካልሲ ኳስ ቢጃማዬ ጀርባ ላይ ኪስ ሰፍታ ከተተቻት። ወደ ጀርባዬ ስገለበጥ ትቆረቁረኛለች፤ በጎኔ እመለሳለሁ። በሽታው ቀለል ላለባቸው አንዳንድ ሰዎች ይህቺ ብቻ ብዙ ትረዳለች። ለእኔ ግን መብራት እስኪመጣ ድረስ ናት።

ክብደትም ቀንሻለሁ። አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ክብደት በ10 በመቶ ሲቀንስ የመቋረጡ ቁጥር በሩብ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚይዝ የጥርስ መሣሪያም አለ። ለአንዳንድ ሰው ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። የትኛው ለማን እንደሚሆን ሐኪም ነው የሚለየው።

ከመሀል አንድ ወጣት «ስፖርት የለውም ወይ?» ብሎ አቋረጠኝ። አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 ስዊዘርላንድ ውስጥ ዲጀሪዱ የሚባለውን የአውስትራሊያ ቀደምት ሕዝቦች ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ታማሚዎችን ለአራት ወር አስነፏቸው፤ የቀን እንቅልፋቸው ቀነሰ። የጉሮሮ ጡንቻ ስለሚጠነክር ነው ይላሉ። ልጄ ይህን ሰምቶ ዋሽንት ገዛልኝ። ጎረቤቴ አንድ ሳምንት ታገሰና «አቦ፣ ማንኮራፋቱ ይሻለን ነበር» አለኝ።

አንዲት እናት ደግሞ «ባሌ ሥራ ያስለቅቁኛል ብሎ ይፈራል፤ ምን ልበለው?» አለችኝ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ መንጃ ፈቃድ ማለት እንጀራ ነው። ያልኳት ይህን ነው። ሕክምናውን በትክክል የሚከታተል ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፉ ይስተካከላል፤ ሥራውንም ይሠራል። እስኪታከም ድረስ ግን ሌሊት አይንዳ። መሪ ላይ ዓይኑ ከከበደው ዳር ይዞ 20 ደቂቃ ይተኛ። ዕቃው ዘግይቶ ይድረስ።

ንግግሩ አልቆ ሰው ሲበተን አንድ ረዳት ቀረበኝ። ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ሹፌሩ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀው ስለነበር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጋቢና ውስጥ ነው የምንተኛው» አለኝ። «እንዳሉት ነው። ዝም ይላል፣ ከዚያ ታንቆ ይነሳል። አንድ ጊዜ ብነግረው ‹አንተ ራስህ ነህ የምታንኮራፋው› ብሎ ተቆጣኝ። ሽማግሌ ነው፣ እንዴት ልንገረው?»

ዛሬ የት እንደሚያድሩ ጠየቅኩት።

«ባቲ» አለኝ።

«ስልክህ ይቀዳል?»

ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። መስታወቱ ተሰንጥቋል። ባትሪው 14 ላይ ነው። ሹፌሩ «ና እንጂ፣ መሸብን!» ብሎ ከበር ተጣራ። ልጁ እየሮጠ ሄደ። መሀል መንገድ ላይ ዞር ብሎ ጮክ ብሎ «ቻርጀር መኪና ውስጥ አለ!» አለኝ።